ሞተሩን ከማጠናከርዎ በፊት፦ ኦሪጅናል ኦቶማቲክ ካምቢዮ ምን ያህል ጉልበት ይሸከማል?

ቺፕ የገባለት፣ ቱርቦ የተገጠመለት ወይም ከፍ ባለ ሞተር የተቀየረ መኪና ጅማ ከተማ ውስጥ እንዳማረበት ይከርማል። ጣጣው የሚመጣው ጭኖ ጊቤ በረሃ ሲወርድና ወደ ወልቂጤ መውጣት ሲጀምር ነው። ማርሽ ሲቀይር ሞተሩ ባዶውን ይጮኻል፣ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል፣ ከዚያ መኪናው ዳገቱ ላይ ይቆማል። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ያለቀው ካምቢዮው ነው።

ስህተቱ ከጥያቄው ይጀምራል። «ይህ ካምቢዮ ስንት ፈረስ ጉልበት ይችላል?» ይባላል። ካምቢዮ ግን ፈረስ ጉልበት አይቆጥርም። በውስጡ ማርሾቹን የሚይዙትን ዲስኮች የሚያንሸራትተው ቶርክ (የማዞር ኃይል) ነው፣ ጨምቆ የሚይዛቸው የዘይት ግፊት ነው፣ የሚገድላቸው ሙቀት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሦስቱን በቅደም ተከተል ይፈትሻሉ። ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ፤ በተለይ ደረጃ 4ን ሳይጨርሱ ለጉልበት መጨመሪያ ብር አይክፈሉ።

የሚያስፈልግዎ

- የመኪናውን ኮምፒውተር ስልክ ላይ የሚያነብ የብሉቱዝ ኦቢዲ (የካምቢዮ ዘይት ሙቀት ማሳየት የሚችል መተግበሪያ ያለው)
- ነጭ ወረቀት ወይም ንጹሕ ነጭ ጨርቅ
- የሰዓት መቁጠሪያ፣ አራት ትልልቅ የጎማ ማገጃ፣ አንድ ረዳት ሰው
- ለካምቢዮው የተፈቀደው ዘይት፤ «ተመሳሳይ ነው» የተባለው አይደለም

## ደረጃ 1፦ የካምቢዮውን ትክክለኛ ስም ያግኙ

ቶዮታ ላይ የሾፌሩን በር ከፍተው ምሰሶውን ይዩ፤ ከሌለ ኮፋኖውን ከፍተው ሞተሩንና ካቢኑን የሚለየውን ብረት ይፈልጉ። ከተለጠፈው ሳህን ላይ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ኮድ በአንድ መስመር ተጽፏል፤ ለምሳሌ ኤ750ኤፍ ወይም ኤሲ60ኤፍ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። መኪናው ከዚህ በፊት ካምቢዮ ተቀይሮለት ከሆነ ሳህኑ ይዋሻል፤ ከሥር ገብተው በራሱ በካምቢዮው ጎን ላይ ያለውን ያንብቡ። ሁለተኛ፣ ስሙ በኬ ፊደል የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ ኬ310 ወይም ኬ410፣ ያለዎት ሲቪቲ ነው። ብዙ ቪትዝና ኮሮላ ይህ አላቸው። ሲቪቲ ውስጥ ጉልበቱን የሚያስተላልፈው በሁለት ፑሊ መካከል የተጨመቀ የብረት ቀበቶ ነው፤ አንዴ ከተንሸራተተ ፑሊውን ፍቆት ያልፋል። ሲቪቲ ላይ ጉልበት አይጨመርም። መመሪያው ለእርስዎ እዚህ ያበቃል።

## ደረጃ 2፦ አቅሙን ከፋብሪካው ሥራ ያንብቡ

አንዳንድ ስሞች አቅማቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። የጀርመኑ ዜድኤፍ 8ኤችፒ45 ለ450፣ 8ኤችፒ70 ለ700 ኒውተን ሜትር (የቶርክ መለኪያ ነው) አካባቢ የተሠራ ነው። የቶዮታ ቁጥሮች ግን ስለ ጥንካሬ ምንም አይነግሩም፤ 750 ማለት 750 ኒውተን ሜትር አይደለም።

ስለዚህ የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ ያንኑ ካምቢዮ ፋብሪካው ከየትኛው ከፍተኛ ሞተር ጋር አጋብቶ እንደሸጠው ይፈልጉ። ኤ750ኤፍ በፕራዶ 3.0 ናፍጣ ሥር 410 ኒውተን ሜትር፣ በላንድክሩዘር 100 ባለ 4.2 ቱርቦ ናፍጣ ሥር 430 ኒውተን ሜትር ተሸክሟል። ከእነዚህ ሁለት የናፍጣ ሞተሮች የተረጋገጠው ቁጥር እንግዲህ 430 ነው። «እገሌ 600 አድርጎታል» የሚለው ወሬ ከሚነገርበት መኪና ጋር ስንት ወር እንደቆየ ስለማይጠቅስ አይቁጠሩት።

ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ግን ውስጡ አንድ ነው ማለት አይደለም። ከባድ ሞተር ሥር የገባው ተጨማሪ ዲስኮችና የተለየ ቶርክ ኮንቨርተር (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘው) ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የእርስዎ ካምቢዮ ከደካማው ሞተር ጋር የመጣ ከሆነ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ቢቆሙ ይሻላል።

ማንዋል ሁልጊዜ ከኦቶማቲክ ይጠነክራል የሚለውን እምነትም እዚሁ ይተዉት። የ2015ቱ ሃይሉክስ 2.8 ናፍጣ በማንዋል 420፣ በኦቶማቲክ 450 ኒውተን ሜትር ነበር። በ2020 ፋብሪካው ኦቶማቲኩን 500 ሲያደርሰው ማንዋሉ እዚያው 420 ላይ ቀረ።

የእኛ ልክ፦ ቡና፣ እህል ወይም ሰው ጭኖ ዳገት የሚሠራ መኪና ከተረጋገጠው ቁጥር በላይ ጭራሽ አይውጣ። ባዶውን ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ከ10 እስከ 15 በመቶ ማለፍ ይቻላል።

## ደረጃ 3፦ የሞተርዎን ቶርክ ያስሉ

ሻጩ የሚነግርዎት ፈረስ ጉልበት ነው። ወደ ቶርክ ይለውጡት፦

ቶርክ በኒውተን ሜትር = ፈረስ ጉልበት × 7,023 ÷ የሞተር ዙር በደቂቃ

ሁለት ባለ 150 ፈረስ ጉልበት ሞተሮችን ይውሰዱ። ቤንዚኑ 150ውን የሚሰጠው በ6,000 ዙር ከሆነ በዚያ ዙር ላይ ያለው ቶርክ 176 ገደማ ነው። ናፍጣው በ3,400 ዙር ከሰጠው ግን 310 ይሆናል። ፈረስ ጉልበታቸው እኩል ነው፣ የካምቢዮው ሸክም ግን በናፍጣው ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። ለስሌቱ ሁልጊዜ ከፍተኛው ቶርክ የሚገኝበትን ዙርና ሞተሩ በዚያው ዙር የሚሰጠውን ፈረስ ጉልበት ይያዙ፤ ከፍተኛው ፈረስ ጉልበት የሚገኝበት ዙር ዝቅ ያለ ቁጥር ሰጥቶ ያሳስትዎታል። የጃፓን ወረቀት በኪሎግራም ሜትር ከጻፈ በ9.8 ያባዙት።

አሁን ሦስት ማስተካከያ ይጨምሩ።

ከፍታ። ጅማ ከባሕር ጠለል ወደ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከወረቀቱ ላይ ከ15 በመቶ በላይ ያጣል። በወረቀት 200 የሆነው ሞተር ጅማ ላይ 165 አካባቢ ነው። ይህ ለካምቢዮው እረፍት ነበር፤ ቱርቦ ሲገጥሙ እረፍቱም አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ጭማሪውን ከ200 ሳይሆን ካምቢዮው እስከ ዛሬ ከለመደው ከ165 ተነሥተው ይለኩት። በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ ጋምቤላ የሚወርድ ደግሞ 500 ሜትር አካባቢ ላይ አየሩ ወፍሮ ሞተሩ ሲጠነክር፣ ሙቀቱም አብሮ ሲጨምር ያገኘዋል።

ቶርክ ኮንቨርተር። መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ኮንቨርተሩ የሞተሩን ቶርክ ወደ እጥፍ ይጠጋ አድርጎ ያበዛዋል። 310 የነበረው 600 ሆኖ ወደ ማርሾቹ ይገባል ማለት ነው። ፋብሪካው ይህን አስቦበታል። እርስዎ 60 ኒውተን ሜትር ሲጨምሩ ግን ከቆመበት ሲነሣ የሚሰማው 120 ነው። ዳገት ላይ ጭኖ ቆሞ፣ ነዳጅ ሙሉ ረግጦ መነሣት ከሁሉ የከፋው ይኸው ነው።

ጎማ። ከ29 ኢንች ወደ 31 ኢንች የቀየረ ሰው ሞተሩን ሳይነካ ካምቢዮው ላይ 7 በመቶ ያህል ሸክም ጨምሯል። ከሚፈቅዱት ጭማሪ ላይ ይቀንሱት።

## ደረጃ 4፦ ካምቢዮው ዛሬ ያለበትን ጤና ይፈትሹ

ስሌቱ ለአዲስ ካምቢዮ ነው። ከዱባይ ወይም ከጃፓን 150,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ የመጣው የራሱን ምስክርነት ይስጥ።

ዘይቱን ይዩ። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ያድርጉት። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ይለፍ። ጠቁሮ የተቃጠለ የሚሸት ከሆነ ዲስኮቹ መንደድ ጀምረዋል፤ ጉልበት የመጨመር ሐሳቡን እዚህ ያቁሙ። ሮዝ ወተት ከመሰለ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ተበስቶ ውሃ ገብቷል፤ ሞተር እንኳ አያስነሡ። ራዲያተር በቧንቧ ውሃ ብቻ እየሞሉ መንዳት ማቀዝቀዣውን ከውስጥ አዝጎ ለዚህ ያበቃል።

የመዘግየት ሙከራ። ሞተሩ ይሙቅ፣ ኤሲ ይጥፋ፣ ፍሬን ይረገጥ። ማርሹን ከኤን ወደ ዲ ያስገቡና መኪናው ነቅነቅ እስኪል ይቁጠሩ። አንድ ደቂቃ አርፈው ይድገሙ፤ ሦስቴ ለክተው አማካዩን ይያዙ። ከዚያ ከኤን ወደ አር። ለብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች ወደ ዲ ከ1.2 ሰከንድ፣ ወደ አር ከ1.5 ሰከንድ በታች መሆን አለበት። ሁለቱም ከዘገዩ ዘይት አንሷል፣ ማጣሪያው ተደፍኗል ወይም ግፊት ወርዷል። አንዱ ብቻ ከዘገየ የዚያ አቅጣጫ ዲስኮች ወይም ማኅተሞች ናቸው።

የማስጨነቅ ሙከራ። ይህ ኃይለኛ ስለሆነ ዘይቱ ንጹሕ ካልሆነ አይሞክሩት።

1. ሜዳ ቦታ ይምረጡ፤ ከፊትና ከኋላ ሰው አይኑር። አራቱንም ጎማ ያግዱ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ።
2. የካምቢዮ ዘይት ከ50 እስከ 80 ዲግሪ ይሁን።
3. በግራ እግር ፍሬኑን አጥብቀው ይርገጡ፣ ዲ ያስገቡ።
4. ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይርገጡ፣ ዙሩ የቆመበትን ረዳትዎ ያንብብ፣ ወዲያው ይልቀቁ። ከ5 ሰከንድ አይለፍ።
5. ኤን ላይ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ያሳርፉ። ከዚያ በአር ይድገሙ።

የተገኘውን ለሞዴሉ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ያስተያዩ። በዲም በአርም ዝቅ ካለ ሞተሩ ደክሟል ወይም ኮንቨርተሩ ተበላሽቷል። በዲ ብቻ ከፍ ካለ የፊት ማርሽ ዲስኮች ይንሸራተታሉ። በሁለቱም ከፍ ካለ የዘይት ግፊት ዝቅ ብሏል። ጎማው መዞር ከጀመረ ወዲያው ያቁሙ። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ፍሬንና ነዳጅ አብረው ሲረገጡ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ስለሚቆርጥ ቁጥሩ ትርጉም የለውም፤ በመዘግየቱ ሙከራና በመንገድ ሙከራው ይፍረዱ።

## ደረጃ 5፦ መጀመሪያ ዘይቱን፣ ቀጥሎ ሙቀቱን ያስተካክሉ

1. የመሙያውን ቡሎን ከማፍሰሻው በፊት ይፍቱ። ዘይቱ ከወጣ በኋላ መሙያው እምቢ ካለ መኪናው እዚያው ቆሞ ይቀራል።
2. የካምቢዮውን የታችኛ የዘይት ሳህን አውርደው ማግኔቶቹን ይዩ። ደቃቅ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው። የሚያብረቀርቅ ስንጥር ወይም ነሐስማ ብናኝ ካለ ካምቢዮው ይፈታ።
3. ማጣሪያውንና ጓርኒሲዮኑን ይቀይሩ። የሳህኑ ቡሎኖች የሚፈልጉት ከ10 ኒውተን ሜትር በታች ነው፤ በረጅም ቁልፍ የሚያስር ልጅ ይበጥሳቸዋል።
4. ቶዮታ ቲ-4 የሚል ካምቢዮ ቲ-4፣ ደብልዩኤስ የሚል ደብልዩኤስ ብቻ ይሙሉ፤ አይቀላቅሉ።
5. አንድ ጊዜ ማፍሰስ የሚያወጣው ከጠቅላላው ሲሶ ያህሉን ነው። በየ500 ኪሎ ሜትሩ ሁለት ጊዜ ይድገሙ። በማሽን ግፊት ማጠብ ያረጀ ካምቢዮ ላይ ቆሻሻውን ከተኛበት ቀስቅሶ ቫልቮቹን ይደፍናል።
6. የዘይት መለኪያ ዘንግ የሌለው ከሆነ ልኩ የሚታወቀው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ መጽሐፉ በሚለው ሙቀት ላይ እያለ፣ ትርፉ በቀዳዳው ጠብ ጠብ ሲል ነው። በቀዝቃዛው ልክ ያለ ሲሞቅ ይተርፋል፤ ሞቆ የተለካ ሲቀዘቅዝ ይጎድላል።

ከዚያ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ያስገጥሙ። ቦታው ከራዲያተሩና ከኤሲው ኮንደንሰር ፊት ነው። ዘይቱ መጀመሪያ በራዲያተሩ፣ ቀጥሎ በአዲሱ ማቀዝቀዣ አልፎ ወደ ካምቢዮው ይመለስ። የመመለሻውን ቱቦ ለመለየት መኪናው ከተነዳ በኋላ ሁለቱን ይንኩ፤ የበለጠ የሚያቃጥለው ከካምቢዮ የሚወጣው ነው፣ የእርስዎ ሌላኛው ነው። ለካምቢዮ ዘይት የተሠራ ቱቦ ብቻ ይጠቀሙ። ማቀዝቀዣውን በራዲያተሩ ክንፎች መካከል በሚሾልክ ፕላስቲክ ማሠሪያ አይሰሩት፤ በጭቃ መንገድ ንዝረት ራዲያተሩን ይበሳዋል። በክረምት ጭቃ ክንፎቹን ስለሚደፍን ከኋላ ወደፊት በቀስታ ውሃ ይጠቡ።

## ደረጃ 6፦ ጉልበቱን መጨመር

ብዙ ካምቢዮ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ብዙም አይነገርም። ዘመናዊ ካምቢዮ ዲስኮቹን በምን ያህል ግፊት እንደሚጨምቅ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ሞተሩ ምን ያህል ቶርክ እየሰጠ እንደሆነ አስልቶ ነው። በሽቦ መካከል የሚሰካው ርካሽ ሳጥን የሚሠራው የነዳጅ ግፊት ሴንሰሩን በማታለል ነው። ሞተሩ 480 እየሰጠ ኮምፒውተሩ 400 ያለ ይመስለዋል፣ ካምቢዮውም ለ400 የሚበቃ ግፊት ብቻ ይሰጣል። ካምቢዮው 480ውን የመሸከም አቅም እያለው ይንሸራተታል ማለት ነው።

ስለዚህ፦

- ሳጥን አይሰኩ። የሞተሩ ፕሮግራም ራሱ ይስተካከል፤ የቶርክ ስሌቱም አብሮ ይስተካከል።
- ማርሽ ሲቀየር ሞተሩ ለአፍታ ጉልበት የሚቀንስበትን ትእዛዝ እንዳያጠፉት ለሚሠራው ሰው አስቀድመው ይንገሩ።
- ጭማሪው ከ2,000 ዙር በታች እንዳይቆለል ያስደርጉ። ዳገት የሚያስወጣዎት የመካከለኛው ዙር ነው፤ የታችኛው ካምቢዮ ይሰብራል።
- በአንዴ ከ10 በመቶ በላይ አይጨምሩ። 500 ኪሎ ሜትር ነድተው ደረጃ 4ን ይድገሙ።

ሞተር ለሚቀይሩ። የቆዩት የቶዮታ ኦቶማቲኮች ግፊቱን የሚያውቁት ከነዳጅ መስጫው በሚመጣ ገመድ ነው። ፔዳሉ እስከ ወለል ተረግጦ፣ በገመዱ ሽፋን ጫፍና በማቆሚያዋ መካከል ያለው ክፍተት ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከላላ ማርሹ ለስላሳና ፈጣን ይመስላል፤ ሰው «ተስማማው» ይላል፤ በዝቅተኛ ግፊት ግን እየነደደ ነው። ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ሲያጋቡ ደግሞ ኮንቨርተሩን እያዞሩ ወደ ውስጥ ይግፉት፤ ደረጃ በደረጃ ጠብ ጠብ ብሎ ገብቶ መጨረስ አለበት። ቤቱ ሙሉ በሙሉ ተገናኝቶ፣ በኮንቨርተሩና በቮላኖው ብረት መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ካልቀረ አይሰሩ። በቡሎን እየሳቡ ማገናኘት የዘይት ፖምፓውን ይሰብራል።

## ደረጃ 7፦ የመንገድ ሙከራ

በማለዳ፣ ሰውና ከብት ሳይበዛ፣ ባዶ መኪና ይዘው ወደ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ይውጡ። ረዳትዎ የዘይቱን ሙቀት ያንብብ። ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ጤናማ ነው። ማርሽ ሲቀየር ዙሩ ወደ ላይ ዘሎ ከተመለሰ እየተንሸራተተ ነው፤ ጭማሪውን ይቀንሱ።

ይህን ካለፈ ግማሽ ጭነት ይዘው አጋሮ ደርሰው ይመለሱ። ጊቤ የመጨረሻው ፈተና ነው። ከሰኮሩ ወርደው ወደ ወልቂጤ ሲወጡ ካምቢዮውን ለራሱ አይተዉት፤ በ3 እና በ4 መካከል እየዋለለ ኮንቨርተሩን ያሞቀዋል። ከ3ኛ ማርሽ በላይ እንዳይወጣ በኤስ 3 ላይ ያስሩት፣ ባለ 4 ማርሹ ላይ ኦቨርድራይቩን ያጥፉ። 110 ዲግሪ ከነካ ኤሲ ያጥፉ፣ አንድ ማርሽ ይቀንሱ፣ ፍጥነት ይቀንሱ። 120 ከደረሰ ዳር ይዘው ይቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ስበው፣ ጎማውን በድንጋይ አግደው፣ ኤን ላይ ሞተሩን በ1,200 ዙር አካባቢ ያቆዩት። ሞተሩን ካጠፉ የጋለው ዘይት ሳይዞር ዲስኮቹ ላይ ይቀራል። ሲነሡ ድንጋዩን ከአስፋልቱ ላይ ያንሡ፤ ከኋላ የሚመጣው በሌሊት አያየውም።

## አንድ ነገር ሲበላሽ

በ60 እና 80 ኪሎ ሜትር መካከል ነዳጅ ቀስ ሲረግጡ ይንቀጠቀጣል። የኮንቨርተሩ መቆለፊያ ዲስክ ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ሁለት ጊዜ ዘይት መቀየር ሊያድነው ይችላል።

በአንድ ማርሽ ተቆልፎ ቀረ፣ የሞተር መብራት በራ። ኮምፒውተሩ ራሱን እየጠበቀ ነው። ኮዱን ያንብቡ፤ ሳያነቡ ባትሪ ነቅለው አያጥፉት። የማርሽ ልክ ስህተት ካለ መንሸራተት ነው፣ ጭማሪው ዛሬውኑ ይውረድ። የሶሌኖይድ (የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው ቫልቭ) ከሆነ መጀመሪያ ሽቦውንና ሶኬቱን ይዩ፤ ጭቃ የገባበት ሶኬት የስንት ካምቢዮ ስም አጥፍቷል።

ጧት ዲ አስገብተው ቆይቶ ነው የሚይዘው። ዘይቱን ይለኩ። ልክ ከሆነ ማኅተሞቹ ደርቀዋል፤ ጭነት ሳይጭኑ ወደ ጋራዥ ይውሰዱት።

ካምቢዮው ካለቀ እና ያገለገለ ከሶማሌ ተራ የሚገዙ ከሆነ፣ ኮዱ እስከ መጨረሻው ፊደል ይመሳሰል፣ ኮንቨርተሩ አብሮ ይምጣ፣ ሳህኑ ከመግዛትዎ በፊት ይውረድና ማግኔቱ ይታይ። ሳህን አላወርድም የሚል ሻጭ ጋ አይቆዩ። የድሮውን ማቀዝቀዣም አብረው ይቀይሩ፤ የሞተው ካምቢዮ ብናኝ እዚያ ተኝቶ አዲሱን እየጠበቀ ነው።